ርግቧ ዱቄት አላመጣችም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ትከሻሽስ ተሻለሽ? ከገበያ የተመለሱ ሰዎች ወንዙ በረዶ ሆኖ የወፍጮው መዘውር ቆሟል ብለው ነገሩኝ። መጀመሪያ ታርፊያለሽ ብዬ ደስ አለኝ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ታዲያ ምን ትበያለሽ ብዬ አዘንኩ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ እጄን ሰነጣጥቆታል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ቄሱ ደግ ናቸው፣ ሚስታቸውም ብዙ አይቆጡም።

ይህን የሚያነቡልሽ የትምህርት ቤቱ መምህር መሆናቸውን አልረሳሁም፤ ሰላም በዪልኝ። እሳቸው ስለሚያነቡት ሁሉን ነገር ግልጥ አድርጌ አልጽፍም። አንቺ ግን ይገባሻል።

የእመቤቴ፣ የቄሱ ሚስት፣ ወንድም ጌታ አልትሆፍ ከገና ጀምሮ እዚህ ነበሩ። የድሮ ተረት ይሰበስባሉ። የተማረ ሰው ከላም አላቢዋ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለ ቀበሮ የምታወራውን ሲጽፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? ወጥ ሠሪያችን ባርበል ትስቅባቸው ነበር። ጌታዬ፣ አያቴ ከነተረቷ ተቀብራለችና ቆፍረው ያውጧት አለቻቸው። እሳቸው አልተቆጡም፤ ለመሆኑ የየት አገር ሰው ነበረች ብለው ጠየቁ።

ማታ ወጥ ቤት ተሰብስበን የተልባ ቃጫ እንፈትላለን። በዚህ ቤት ልማድ ክሯ የተበጠሰባት ተረት ማውራት አለባት። እኔ እንዳይደርሰኝ ብዬ እንዴት ተጠንቅቄ እንደምፈትል ብታዪ ትስቂብኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ተበጠሰብኝ። ባርበል እጇን አጨብጭባ፣ ጆሯችሁን ቅሰሩ፣ አይጢት አፍ ልታወጣ ነው አለች፤ ዝምተኛ ስለሆንኩ እንዲህ ትለኛለች። ፊቴ እንደ ፍም ነደደ። ሌላ ስለማላውቅ ያንቺን አወራሁ፤ ልጅ ሆኜ ጥርሴን ሲያመኝ የምትነግሪኝን።

እናቲቱ በረሃብ ዓመት ልጇን ጆንያ አሸክማ ወፍጮ ቤት ላከቻት። ዱቄት ሳትይዢ እንዳትመለሺ አለቻት። ጆንያው ውስጥ ያለው አሸዋ ነበር። ባለወፍጮዋ ፈትታ አየችው፤ መልሳም አሰረችው። ልጅቱን ምድጃው አጠገብ እንቅልፍ ሲወስዳት አሸዋውን ወንዝ ውስጥ ደፋችና ከራሷ ዱቄት ሞላችላት። ልጅቱ ዱቄቷን ይዛ ቤቷ ስትደርስ በሩ ተቸንክሯል፣ ሰው የለም። ጆንያውን እንደተሸከመች ወደ ወፍጮው ተመለሰች። አንቺ እዚህ ላይ ታቆሚያለሽ። እኔም አቆምኩ። የሳቀ አልነበረም።

ጌታ አልትሆፍ በነጋታው ደግሜ እንድነግራቸው አድርገው ጻፉት። ከዚያ በየመንደሩ ዞረው ይህን ተረት የሚያውቅ እንዳለ ጠየቁ፤ አንዱን ተረት ከብዙ ሰው አፍ ሰምተው ማመሳከር ሥራቸው ነው። ማንም አያውቀውም። በኛ መንደር ያሉ ጎረቤቶቻችን እንኳ ሰምተውት አያውቁም። እሳቸው እንዲህ ያለ ያልተነካ ዕንቁ አግኝቼ አላውቅም እያሉ በደስታ ቤቱን ሲዞሩት ነበር። እኔ ድስት እያጠብኩ ነበርኩ፤ እጄ ውሃው ውስጥ ቆመ። ለምን ማንም እንደማያውቀው ያን ጊዜ ገባኝ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ለእንግዶቹ ሊያነቡላቸው እኔንም ጠርተው በሩ አጠገብ አቆሙኝ። እናቴ፣ ለውጠውታል። እናቲቱ የእንጀራ እናት ሆናለች። ባለወፍጮዋ ጭራሽ የለችም፤ በእሷ ቦታ ነጭ ርግብ ዱቄቱን በመንቆሯ እያመላለሰች ጆንያውን ትሞላለች። ልጅቱም የንጉሥ ልጅ ታገባለች። ሴቶቹ አለቀሱ። የሐኪሙ ሚስት፣ እሰይ፣ የገዛ እናት እንዲህ አታደርግም፣ የእንጀራ እናት ሥራ ነው አለች። ሐኪሙም የኛ ቤት ዱቄት ለርግብ አይተርፍም ብለው አሳቋቸው። ጌታ አልትሆፍ ወደ እኔ ዞረው፣ አይደለም እንዴ ልጄ፣ የጥንቱ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፣ አንቺ ረስተሽው ይሆናል አሉኝ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ወረቀቱ በዚያው ሳምንት ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ላይ ሆኜም ያንኑ አስብ ነበር። መጽሐፉ ይታተማል፣ በየቤቱ ለልጆች ይነበባል። በእንጀራ እናት እጅ ያደገ ልጅ ይሰማና በማዕድ ላይ ቀና ብሎ ያያታል። ፀጉሯ ላይ ዱቄት የተነሰነሰባት ሴትዮ ደግሞ የትም አትገኝም። ይህን ሳስብ ዝም ማለት አቃተኝ።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ሻንጣቸውን ሲሸክፉ ገባሁ። ርግብ አይደለችም አልኳቸው። ምን አልሽ አሉኝ። ሴት ናት፣ ጆንያ ስታነሣ ትከሻዋን ያማታል አልኩ። አስቀምጠው በትዕግሥት አስረዱኝ፤ ልጆች የገዛ እናታቸውን እንዲፈሩ ላስተምር ወይ አሉኝ። የእንጀራ እናታቸውንስ ይፍሩ? አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። በተረት እንደዚያ ነው አሉ። ያን ጊዜ የቀረውን ተናገርኩ። ጌታዬ፣ ይህ የድሮ ተረት አይደለም፣ እናቴ ራሷ ከኑሮዋ ያወጣችው ነው፣ የነገረችውም ለአንዲት ልጅ፣ ለእኔ ብቻ ነው አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። በሩ በእውነት ተቸንክሮ ነበር? ብለው ጠየቁኝ።

አላስታውስም አልኳቸው።

ከዚያ ወረቀቱን ከሌሎቹ መካከል መዝዘው አወጡት። ከሕዝብ አፍ ያልመጣ በመጽሐፌ አይገባም አሉ፤ ጥጃው እንደሞተበት ገበሬ ሆነው ነበር። ለራሴ ላስቀረው ወይ ሲሉኝ ሴትዮዋን ከመለሷት ይሁን አልኩ። እዚያው ፊቴ ርግቧን ሰርዘው መለሷት።

እመቤቴ ግን የወንድሜን ምርጥ ተረት አበላሸሽበት ብለው ተቀይመውኛል። ከፋሲካ በኋላ አታስፈልጊኝም ብለውኛል። ባርበል፣ አይጢት ድመቷን ነክሳ ጉድጓዷን አጣች ብላ ሳቀች፤ እመቤቴ ዞር ሲሉ ግን ለመንገድ የሚሆን ቋሊማ ደብቃ ሰጠችኝ።

ስለዚህ እመጣለሁ። በክፉ ጊዜ የሚበላ አፍ እንደምጨምርብሽ አውቃለሁ፤ ጆንያ ማንሣቱን ከእንግዲህ ለእኔ ተዪው። ስለ በሩ አልጠይቅሽም፣ እዚያ ቤት ማን እንደነበረም አልጠይቅሽም። ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ የረሃብ ዓመት የልጅቱን ጆንያ ከራሷ ዱቄት ስትሞላ ለባለወፍጮዋ ምን ቀራት? ይህን ነግረሽኝ አታውቂም።

ወንዙ በጊዜው ይፈታልሽ፣ የወፍጮው ድንጋይም አይሰንጠቅብሽ። እጅሽ የነካውን ሁሉ እግዚአብሔር ያብዛልሽ፣ ዕድሜሽን ከእኔ ላይ ቀንሶ ይጨምርልሽ።

ልጅሽ