የእማማን ቤት የገዛሁበት ዋጋ

ውድ እህቴ ትርንጎ፣

ስልኬን ካላነሳሽልኝ አራት ወር ሞላው። በአማርኛ የምጽፍልሽ ልጅሽ ሸሊ ሳታነብልሽ ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ነው።

እማማ ስታርፍ ሽኩና ዳሌት ሰፈር ያለው ቤቷ ለሁለታችን እኩል ደረሰን። ሰባት ዓመት ያስታመምሻት ግን አንቺ ነሽ። ያጠብሻት፣ ሦስት ፎቅ ደግፈሽ ያወጣሻት አንቺ ነሽ። እኔ አርብ አርብ ከምኖርበት ከራሞት ሰፈር በመኪና መጥቼ፣ አንድ ሰዓት ተቀምጬ የምሄድ ሰው ነበርኩ።

ሐዘኑ እንዳለቀ «ድርሻሽን ልግዛው። ቤቱ አርጅቷል፣ ግድግዳው ረጥቧል፣ ብዙ አያወጣም» አልኩሽ። ዋጋውንም እኔው ጠራሁ።

«አንተ ካልክ እኔ ምን እላለሁ? ብቻ ለባዕድ አትሽጠው» አልሽኝ። ጠበቃው ፊት ሳታነቢ ፈረምሽ።

ትርንጎ፣ ታች ፎቅ ያሉት ሰዎች ያንኑ የሚያህል ቤት በእጥፍ መሸጣቸውን በዚያው ወር፣ ሳትፈርሚ በፊት ሰምቼ ነበር።

ሌላ ቤት ስላለኝ መስ ረኺሻ የሚሉት የግዢ ግብር ይከብደኛል። ዋጋውን ዝቅ አድርገን ስንጽፍ ግብሩም ዝቅ ይልልኛል ብዬ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር። የግብር ቢሮው ግን እህትና ወንድም ሲሻሻጡ የጻፉትን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ቤቱ ገበያ ላይ የሚያወጣውን ያያል። ቤቱ የጻፍነውን እጥፍ ያወጣል የሚለው ውሳኔ ለእኔም ለአንቺም በፖስታ መጣ። ያንቺን ሸሊ አነበበችልሽ።

ወዲያው ደወልሽ። «ስሜነህ፣ ታውቅ ነበር?»

«ከየት አውቄ!» አልኩሽ።

ይህም አልበቃኝ። ግብሩ እንዲቀነስልኝ አቤት ስል፣ «ዋጋው ትክክል ነው በይልኝ» ብዬ ለመንኩሽ። ግብር ቢሮው ድረስ መጣሽልኝ። የቢሮው ሰው በዕብራይስጥ፣ «ወንድምሽ ድርሻሽን በግማሽ ዋጋ እንደወሰደ ታውቂ ነበር?» ሲልሽ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞርሽ። እኔ አቀረቀርኩ።

«አውቅ ነበር። ወንድሜ ስለሆነ ቀንሼ ሰጠሁት» አልሽው።

ዋጋው ዝቅ ያለ መሆኑን ስላመንሽ አቤቱታዬ እዚያው ወደቀ፤ ግብሩን በሙሉ ከፈልኩ። እኔን ግን ሌባ ከመባል አዳንሽኝ። ፌርማታው ድረስ ተከትዬሽ «በመኪና ላድርስሽ» ስልሽ፣ «ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለኝም» ብለሽ ወደ ሰፈርሽ ወደ ሽኩና ቫቭ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣሽ።

ባለፈው ሳምንት ጠበቃው ዘንድ ሄጄ ድርሻሽን መመለስ እፈልጋለሁ አልኩት። «መመለሱም ሌላ ግብር ሊያመጣብህ ይችላል» አለኝ። «ያምጣ» አልኩት። የምትፈርሚበትን የመመለሻ ወረቀት ይዤ የምትከራዪው ቤት ድረስ መጣሁ። ሸሊ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችልኝ።

«እናቴ ከአንተ ጋር ሁለተኛ አትፈርምም» አለችኝ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዶድ፣ አጎቴ፣ አንተም አታውቅም ነበር ብላኛለች። እውነት ነው አይደል?» አለችኝ።

ለልጅሽ እንኳን ገመናዬን ሸፍነሽልኛል።

«አውቅ ነበር፣ ሸሊ» አልኳት። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ወረቀቱን መልሼ ጠበቃው ዘንድ አስቀምጬልሻለሁ። ፈረምሽም አልፈረምሽም ቤቱን አልሸጠውም። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ከእንግዲህ ግን ማንም ቢጠይቅሽ ስለ እኔ አትዋሺ።

የበደለሽ ወንድምሽ
ስሜነህ