ልቤ እስኪመለስ

ሰኞ፣ ሰኔ 3
ልብስ አጠብኩ። ድንች ቀቀልኩ። ከማንም ጋር አላወራሁም... ካልሲዬን ብቻ "ጓደኛህ የት ገባ?" አልኩት። ዝም አለኝ፣ እሱም።
የሕመም ፈቃዴ ሦስት ሳምንት ቀረው። ከዚያ ወይ ወደ አምቡላንስ ጥሪ መቀበያው ወንበሬ፣ ወይ መዝገብ ክፍል። አለቃዬ "አንቺው ወስኚ" ብሏል። መዝገብ ክፍል ስልክ የለም። ሰውም የለም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5
የልብ ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። ትልቅ ሴት ናት፤ "ልጄ" እያለች ነው የምታናግረኝ። ሽቦውን ሁሉ ደረቴ ላይ ለጥፋ አየች። "ልብሽ ጤነኛ ነው።"
ታዲያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ምን ሆኖ ነው?
"መደንገጡማ የማንም ነው፣ ልጄ። ያንቺ ነርቭ ነገሩ ማለፉን አልሰማም። ገና ዘብ ቆሟል።"
ያዘዘችኝ ይህን ነው፦ ስልክ ሲጮህ የልብ ምቴን ልቆጥር፤ በስንት ደቂቃ ወደ ልኩ እንደሚመለስ ልጽፍ። ትንፋሼን ሳወጣ ላስረዝም።
ያ ሰውዬ... ከፈቃዴ በፊት ደውሎ "ሚስቴ አትተነፍስም" ያለኝ። እሱ ደረቷን ሲጫን እኔ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩለት። አምቡላንሱ ሲደርስ ስልኩን ዘጋው። ተረፈች? ለእኛ መጨረሻውን የሚነግረን የለም። ወዲያው ቀጣዩን አነሳሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 7
እህቴ ደወለች። "አምቡላንስ። የት ነው ያሉት? ይተነፍሳል?" አልኳት።
"እኔ ነኝ ባክሽ። እስካሁን እተነፍሳለሁ።"
ሳቅን። ምት 118። ለመመለስ 22 ደቂቃ። ሳቄ ታዲያ ምን ጠቀመ?

ረቡዕ፣ ሰኔ 12
19 ደቂቃ። ከዚያ የስልኩን ድምፅ አጠፋሁት። ቤቱ ጭር አለ... ይህም አልተሻለኝም።

እሑድ፣ ሰኔ 16
ሬዲዮ ሳትጠራ መጣች። ቢሮ ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር የእሷ ነው፤ ስሙን ያወጣንላት አፏ ስለማይዘጋ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የቢሮውን ሐሜት አወረደችው፤ ማን ከማን ተኳረፈ፣ አለቃችን ፀጉሩን ቀለም መቀባት መጀመሩን...
"አንቺን እኮ ድንጋይ ነበር የምትመስይኝ" አለች ድንገት። "እኔ ከክፉ ጥሪ በኋላ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። አንቺ ወዲያው ቀጣዩን!"
ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ስንቀመጥ ማልቀሷን አላውቅም ነበር።
ስልኳ ጮኸ። ዘለልኩ። አየችኝና ወሬዋን ቀጠለች። 7 ደቂቃ። ሐኪሟ ይህን መድኃኒት አልጻፈችልኝም።
ከሄደች በኋላ የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ ቦታው ሳልመልስ ቆየሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22
መዝገብ ክፍሉን ሄጄ አየሁት። ንጹሕ ነው። ጸጥ ያለ፣ እንደ ቤቴ ጭር ያለ። በሩ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ለአለቃዬ "ሰኞ ወንበሬ ላይ ነኝ" አልኩት። እችላለሁ? እንጃ።

ሰኞ፣ ሰኔ 24
እስከ ረፋድ ቀላል ቀላሉ መጣ። ከዚያ አንዲት እናት... ልጇ ውኃ ውስጥ። መኪናው እስኪደርስ አብሬያት ቆየሁ። ዘጋች። መጨረሻውን አሁንም አላውቅም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ቀጣዩ ስልክ ይጮሃል።
ማዳመጫዬን አወለቅኩ። "ሬዲዮ፣ አልቻልኩም። ትንሽ አጠገቤ ሁኚ።" በሕይወቴ ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም።
ጥሪውን ለሌላው አሳለፈችና ወንበሯን ጎትታ መጣች። "ምን ላድርግልሽ?"
"ምንም። ወሬ አውሪልኝ።"
የጎረቤቷን ፍቺ ጀመረችልኝ። ልቤ በስንት ደቂቃ ተመለሰ? ሳልቆጥር ቀረሁ። ባልየው ሶፋውን ይዞ መሄዱን ግን አውቃለሁ።