በፀሐይ የማይታየው እሳት

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸይማ አባት፣ ለረሺድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላም ልበልህ እንጂ እኔስ ሰላም የለኝም። በስልክ ስንጀምር ወይ አንተ ትዘጋለህ ወይ እኔ እጮሃለሁ፤ ወንድሜ ሳላዲን ሐዋሳ ስለሚመጣ ይህን በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

ልጅህ በሕይወት አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሞቹ ፊቷ ይድናል ብለውናል። የከፋው ቀኝ እጇ ነው፤ ጣቶቿ ተኮራምተው እስክሪብቶ አይዙም። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት መድረሷን መቼም አልረሳህም። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ በሩ በተከፈተ ቁጥር "አባ መጣ?" ትላለች። ሐዋሳ እኮ ባሕር ማዶ አይደለም! ጠዋት የተነሳ ሰው ከሰዓት እዚህ ነው። አንተ ግን ከአዲሷ ሚስትህ ቤት ደውለህ "ማነው እሳት ያስነካው?" ብለህ ዳኛ ሆነህ ቁጭ አልክብኝ። ጥፋተኛው ሳይታወቅ አልመጣም አልክ አሉ።

እንግዲህ ስማ። ሱቁን ትተህልን ስትሄድ ልማድህንም ትተህልን ነው የሄድከው። ስፒርቶ ገዢ ሲመጣ ክዳን ላይ ጠብ አድርገህ ትለኩስለት አልነበር? "እይ፣ ውሃ የለበትም!" እያልክ። ሸይማን በስምንት ዓመቷ አስተምረህ ያጨበጨብክላት አንተ ነህ። ጀሪካኑ ላይ "ከእሳት አርቁ" የሚል ተለጥፏል፤ ማን አንብቦት!

የዚያን ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ጢሞቴዎስ ቶንዶሱን የሚያጸዳበት ሊገዛ መጣ። እኩለ ቀን ነው፤ የእኛን አገር ፀሐይ ታውቀዋለህ። ሸይማ ደጃፉ ላይ ከጠርሙሱ ክዳን ላይ ጠብ አድርጋ ለኮሰችለት፣ ምንም አልታየም። "ኧረ ይሄ ውሃ ነው!" ብሎ ሳቀ። ለካ እየነደደ ነበር። የስፒርቶ ነበልባል በጠራራ ፀሐይ እንደማይታይ ሐኪሙ ነው በኋላ የነገረን። "ጠፍቷል፣ ጨምሪበት" ተባለች። ስትጨምር እሳቱ ጠርሙሱ ውስጥ ገባና ላይዋ ላይ ተረጨ። ሻሿ ቆዳዋ ላይ ቀለጠ። ጢሞቴዎስ ባልዲ ሙሉ ውሃ ባይደፋባት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነበር።

የተረፈውን ስፒርቶ ከቤት አስወጥቻለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ሱቅ አይሸጥም፤ ብትቆጣም ተቆጣ።

ሸይማ ለጠየቃት ሁሉ "ጠፍቷል ብዬ ራሴ ነኝ የጨመርኩት" ትላለች። ለሐኪሙም፣ ለጎረቤቱም እንዲሁ። ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። "ጨምሪበት" ያልኳት እኔ አልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ ስትዋሽልኝ እሰማለሁ።

ስለዚህ ና። ጥፋተኛ ከፈለግህ እኔን ውሰድ፤ እሷን ግን አትጠይቃት። እጇን ያዝላት፣ የግራውን፤ ቀኙ ያማታል።

አላህ እጇን ይመልስላት። ለአንተ ልብ ይስጥህ፣ ለእኔም እሷ ፊት የሚናገር አንደበት።

የሸይማ እናት
ዙሁራ