የእማ ቀስ አድራሻ በማን እጅ ነው?

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

በመጀመሪያ ጤናህን፣ ቀጥሎም ጤናህን፣ ለሦስተኛ ጊዜም ጤናህን እጠይቃለሁ። እማዬ «ሦስቴ ጠይቂው፤ አንዴ ከተጠየቀማ ደህና ነኝ ብሎ ያልፋል» ስላለችኝ ነው። ወገብህ ተሻለህ? እንቅልፍስ? እኛ ከእኔ ንዴት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ ብጀምረው «መልሼ እደውላለሁ» ብለህ እንደምትዘጋው ስለማውቅ በወረቀት መጣሁብህ።

እማዬ የምትሰፋውን የሕፃናት ልብስ በኢንተርኔት ልንሸጥ ተነሥተናል። የክሊኒኩ አዋላጅ ልብሱን ወዳው «አድራሻችሁን ስጡኝ፣ ለወላዶች በማድለው ካርድ ላይ አሳትመዋለሁ» አለችን። ካርዱ ማተሚያ ቤት የሚገባው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ጎረቤታችን ኮምፒውተር ጠጋኙ ድረ ገጹን ሊሠራልን ተስማማና «መጀመሪያ ዶሜይን ምረጡ፤ ሰው እናንተን ፈልጎ የሚጽፈው ስም ነው። አጭር ይሁን፣ አንዴ የሰማው የማይረሳው» አለን።

አጭር! እኛ ቤት አጭር ነገር ተነግሮ ያውቃል? ባለቤቴ ያመጣው ስም በአንድ ትንፋሽ አይነበብም፤ «ጥራት»ም፣ «ዘመናዊ»ም፣ «ዓለም አቀፍ»ም አለበት። አክስታችን የመጀመሪያ ልጇ ስም ካልሆነ ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። እኔም ሦስት ስም አውጥቼ ሦስቱንም በማግስቱ ጠላኋቸው። ሳምንት ሙሉ ስንነታረክ ከርመን ጠጋኙ «ደንበኛ ምን ብሎ ነው የሚጠራችሁ?» ሲለን መልሱ ለካ ደጃችን ላይ ነበር። ሰፈሩ እማዬን «እማ ቀስ» እንደሚላት ታውቃለህ፤ የቸኮለ ደንበኛ ሁሉ «ቀስ» እየተባለ ነው የሚመለሰው። ሁለት ቃል፣ አለቀ።

ጥፋታችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እማዬ ስሙን ጨርቅ ላይ ሳትጠልፍ መቀስ አታነሣም፤ «ለማን እንደምቆርጥ ልወቅ እንጂ» ነው የምትለው። እኛም ስሙ መያዝ አለመያዙን ሳናጣራ ዝም ብለን አየናት። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ «እማ ቀስ» የሚል ስድሳ ምልክት ጠልፋ ጨረሰች። ከዚያ ጠጋኙ ቁጭ ብሎ ሲፈልገው ስሙ ተይዟል።

ደሜ ፈላ። ገጹን ሲከፍተው «በቅርቡ እንከፍታለን» ከሚል ጽሑፍና ከአንዲት ፎቶ በቀር ምንም የለበትም። ማንነቱን ሳናውቅ፣ ስሙን በመዘገበው ድርጅት በኩል ለያዘው ሰው ሁለት ጊዜ መልእክት ላክንለት፤ ዝም። ጠጋኙ «ስሙ ላይ ቁጥር እንጨምርበት» ሲል እማዬ «እኔ ቁጥር የለኝም» አለችው። ባለቤቴ ያንን ረጅም ስሙን ይዞ ብቅ ሲልማ «ኧረ ተወኝ!» ብዬ ጮኽኩበት፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ሦስተኛውን መልእክት ልጽፍ ስቀመጥ ፎቶውን ትክ ብዬ አየሁት። የስፌት ጠረጴዛ ነው፤ ጥጉ ላይ በካውያ ተቃጥሏል። ያንን ጠረጴዛ ያቃጠልኩትም፣ የተገረፍኩበትም እኔ ነኝ፤ እንዴት አላውቀው! ጠጋኙ ሲያጣራ ስሙ የተያዘው ከአራት ዓመት በፊት፣ አንተ በሄድክ በወሩ ነው፤ በየዓመቱም ታድሷል።

ወንድም ጋሼ፣ ምን ነካህ? አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ስትሄድ በር ላይ ቆመህ «ስመለስ ሱቅ እከፍትልሻለሁ» ያልካት ለማባበል መስሎኝ ነበር። ለካ የምርህን ኖሯል። የምርህን ከሆነማ ይብስ ያናድዳል፤ የምሩን ያሰበ ሰው መልእክት ሲላክለት ያነባል!

ለእማዬ ነግሬ «አሁኑኑ አስለቅቀዋለሁ» ስላት መርፌዋን አስቀመጠች። «በየዓመቱ ያድሰዋል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ «ተዪው፤ ስሙን ከለቀቀ መምጣቱንም ይተወዋል። ለአዋላጇ ባልሽ ያመጣውን ስም ስጫት» አለችና ስድሳውን ምልክት ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ባለቤቴ ደስታውን መደበቅ ቢያቅተው ወጥቶ ሄደ።

እኔ እንደሷ ሆደ ሰፊ አይደለሁም። እስከ ዓርብ መልስ እፈልጋለሁ፤ አልደረሰኝም እንዳትል ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ በስልክህም እልከዋለሁ። ስሙን ከሰጠኸን እንከፍተዋለን። መጥተህ ራስህ ልትከፍተው ከሆነ ቀኑን ቁረጥላት። የማትመጣ ከሆነም አንተው ንገራት፤ እኔ ባንተ ቦታ ሆኜ አልነግራትም።

አክስታችን ኩርፊያዋን ትታ ሰላም ብላሃለች። ባለቤቴም ሰላም ይልሃል፤ ስሙ ያን ያህል አይረዝምም ብለህ እንድትመሰክርለት ይፈልጋል። ትልቋ ልጄ ጉንጭህን ትስማለች፤ ትንሹ ደግሞ «የስልኩ አጎቴ እንዴት ነው?» ይላል። እማዬ «ስለ ስሙ እንዳትጽፊበት፤ ደህና ናት ብቻ በይው» ብላኛለች። ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት ያንን ገጽ ታስከፍተኛለች። «ዛሬስ የጨመረበት ነገር አለ?» ትለኛለች። የለም እላታለሁ።

ታናሽ እህትህ
ከስፌት ክፍሉ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በስድስተኛው ቀን