በረንዳው ላይ የተቀመጡት እንግዳ

ይድረስ ካልሲዬን ሰርቀሽ ሲያትል ለኮበለልሽው እህቴ ሊዲ፦ እንደምን ከርመሻል? እኛ ከእኔ አመል በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ክብር ለጌታ ይሁን።

እህቴ ሆይ፣ ከባድ መርዶ ስላለኝ መጀመሪያ ተቀመጪ። አንድ የተከበሩ እንግዳ ከቤታችን ተለይተውናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ግሪን ቫሊ ራንች ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኖ እኔ ስጠርግ እሱ ሲረግፍ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሳህለ ትልቅ ዱባ ሰጡን። እኔም የአባዬን ጃኬትና ኮፍያ አለበስኩትና በረንዳው ላይ ወንበር ሰጠሁት። አባዬ በጠራራ ፀሐይ መኪናውን ፓርክ አድርጎ መጣ። ሦስት እርምጃ ሲቀረው ጎንበስ አለና፣

«ጋሽ ሳህለ! ምነው ውጭ ተቀመጡ? ይግቡ እንጂ!» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ዱባው ዝም።

«ተቀየሙኝ እንዴ?»

እኔ በሳቅ ሞትኩ። እማዬም ሳቀች፤ ግን ቶሎ አቆመች። አባዬ ዱባውን ሲዳስሰው ጊዜ «የገዛ ጃኬቴን!» ብሎ አብሮን ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ቸርች ስንሄድ ፊት ወንበር የኔ ነው። የመንገዱን ምልክት ሁሉ ጮክ ብዬ ለአባዬ አነብለታለሁ። «ሬዲዮ ነህ እንዴ?» ይለኛል፤ ዝም በል ግን ብሎኝ አያውቅም።

አባዬ አንቺን ይሰማሻል፤ ዓይኑን እንዲታይ ንገሪው። የታንክስጊቪንግን በዓል ሳትጠብቂ ብቅ በይ።

እንግዳውን እማዬ በበርበሬ ወጥ አድርጋቸው አባዬ ሁለቴ አስጨመረ። በይ አትደንግጪ፤ የሞተው አንድ ዱባ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

በአንድ እግር ካልሲ የሚሳለምሽ ወንድምሽ፣
ናሆም