በጭብጨባው ላይ የተከልኳቸው ምቶች

ሰኞ፣ የካቲት 2። ጠዋት 3፡00
አሁንም የዜማ መጽሐፉ አራተኛ ገጽ ላይ ነኝ። የአዝማሪውን የአባባ ገብሬን የመሰንቆ ድምፅ ቅጂ እከፍታለሁ፤ የሠርግ ቅጂ ነው፣ ጭብጨባ ያጀበው፣ ባለ ስድስት ምት። በየምቱ አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ሶፍትዌሩ ምልክት ይተክላል፣ ኖታው በምልክቶቹ ልክ ይሰለፋል። ሦስት ወር የሠራሁት ይህንን ነው።
ታዲያ ዓርብ ተጫዋቾቹ ኖታውን ሲለማመዱ ለምን ፈረሰ? ዋሽንቱ ቀደመ፣ ከበሮው ወደ ኋላ ቀረ። የመጽሐፉ አዘጋጅ መ/ር ዳዊት እጁን አንስቶ አስቆማቸው። በሰው ሁሉ ፊት፣ «እህቴ፣ ዲግሪ ይዘሽ እስከ ስድስት መቁጠር አቃተሽ?» ሳቁ። ኖታዬን ሰብስቤ ወጣሁ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ደብተሬ፣ አንቺም አትነግሪኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4
«የታረመው» ፋይል ደረሰኝ። መ/ር ዳዊት ምልክቶቼን በሙሉ በአንድ ትእዛዝ እኩል አድርጓቸዋል። እንደ አጥር እንጨት። ሽፋኑ ላይ «ኖታ ጸሐፊ» ከሚለው ሥር የኔ ስም የለም። የሱ አለ።
አጫወትኩት። ይገጥማል። ግን አባባ ገብሬ አይደሉም፤ የሳቸው ሦስተኛ ምት ትንሽ ትዘገያለች፣ ዘፈኑ የሚተነፍሰው እዚያ ላይ ነው። እዚህ ትንፋሽ የለም።
የኔን አጫወትኩ። ትንፋሹ አለ፤ ግን የሆነ ነገሩ ተንጋዷል። ምኑ? ጠዋት እሱ ሌባ ነው እላለሁ። ከሰዓት እኔ ደንቆሮ ነኝ እላለሁ። ሁለቱም እውነት ይሆናል እንዴ? ራሴን አመመኝ። በቃ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5። 10፡30
ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ላፕቶፕ ተሸክሜ ወጣሁ። አባባ ገብሬ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ማዳመጫውን አደረግሁላቸው፤ ዜማቸው ላይ የኔ ምልክቶች ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ። ጥቂት ሰምተው አወለቁት።
«ማነው ይሄ ከኋላ የሚጎትተኝ?»
እኔ ነኝ አልኳቸው።
«አንቺ የተከተልሽው አጨብጫቢውን ነው፣ ልጄ። እሱ ሠርጉ ላይ ጠጥቶ ነበር። እኔ የምሄደው በእግሬ ነው።»
እያንጎራጎሩ ተረከዛቸውን መሬት ላይ መቱ። ያኔ ገባኝ። ቅጂው ውስጥ ዱም፣ ዱም የሚል ድምፅ ነበረ። የማይክ ችግር መስሎኝ መጀመሪያ ቀን አጥፍቼዋለሁ! በገዛ እጄ።
ዳገቱን ስወርድ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እንባዬ። ደስታ ይሁን እፍረት አላውቅም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7። 8፡00
ካልተነካው ቅጂ እንደገና ጀመርኩ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ የእግራቸው ምት ላይ ተከልኩ። ሁሉም ቦታው ገባ። ሦስተኛዋ ምትም እንደዘገየች አለች።
መ/ር ዳዊት ደወለ። ዛሬ ድምፁ ለስላሳ ነው። ትክክለኛውን ምት ካገኘሁት እንድልክለት፣ ስሜን ምስጋናው ውስጥ እንደሚያስገባው ነገረኝ። ምስጋናው ውስጥ! ሻይ ካፈላችልን ልጅ ቀጥሎ ይሆናላ።
ብልክ ይወስደዋል። ባልልክ መጽሐፉ እንደ አጥር እንጨት በተሰለፈው ኖታ ይታተማል፣ የአባባ ገብሬ ስም ተለጥፎበት። ከደወለ ጀምሮ በዚህ ስዞር ዋልኩ።
አልልክም። ሰኞ ልምምዱ ላይ ራሴ እከፍተዋለሁ። መጀመሪያ ስህተቴን እናገራለሁ፤ ጭብጨባውን ተከትያለሁ፣ እግሩን አጥፍቻለሁ። ከዚያ የሱን ስህተት። ከዚያ ሽፋኑን፣ ስሜ እንዴት እንደቀረ።
አባባ ገብሬን አብረውኝ እንዲመጡ በስልክ ለመንኳቸው።  አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ወለሉ ጣውላ ነው ወይ፣ ተረከዝ ይሰማበታል?
ነው አልኳቸው።