ዋስትናው እስከ መስቀል ነው

ግንቦት 4፣ 2001 — ደባርቅ
ዝውውሬ መጣ። ጎንደር! አሥራ አንድ ዓመት የደባርቅ ብርድ አጥንቴን ሲግጠው ኖሮ በመጨረሻ... ቤቱን መሸጥ አለብኝ። ወሬ እዚህ አገር ከሰው ይቀድማል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደላላው ትዕዛዙ በራፌ ላይ ቆሟል።
«መምህርት፣ ያለ ደላላ ቤት መሸጥ ያለ ሚዜ ማግባት ነው!»
እኔው ራሴ እሸጣለሁ አልኩት። ኮሚሽን ሰስታ ነው ብሎ ያስወራ። እውነቱ ሌላ ነው። ደላላ ጓሮ ያያል።

ግንቦት 9
የጓሮው ግድግዳ... አምና ክረምት ዳገቱ ውሃውን ሁሉ ወደኔ ሲልክ ሆዱን ነፍቶ ነበር። በሦስት ባሕር ዛፍ ደግፌው ከረምኩ። ዛሬ ድጋፎቹን አነሳሁና ጭቃ በጭድ አቡክቼ መረግሁት። ሲደርቅ አዲስ መሰለ።
ኃጢአት ነው? ሰው ሁሉ ቤቱን አሳምሮ አይደል የሚሸጠው?

ግንቦት 17
ገዢ መጣ። ደርበው ይባላል፣ የበየዳ ሰው። ልጆቹን ከተማ ሊያስተምር ነው። ሚስቱ ጤናዬ እርጉዝ ናት። ገና እንደገባች የአልጋዋን ቦታ በእርምጃ ለካች። ጓሮው ግድግዳ ሥር።
ደርበው ግን ቀላል ሰው አይደለም። «እትዬ፣ በሬ በገበያ ቀን፣ ቤት በበጋ፣ ሁሉም ያምራል» ብሎ ሳቀ። «ክረምቱን የሚዋስልኝ ሰው ይጥሩልኝ። እስከ መስቀል።»
እዚህ እንዲህ ነው። በበጋ የሸጠ ሰው ለአንድ ክረምት ዋስ ይጠራል። ቤቱ አንድ ነገር ቢሆን ሻጩ ያድሳል፤ ሻጩ ከራቀ ዋሱ።
ማንን ልጥራ?

ግንቦት 21
አጎቴ አያ ገሠሠ ዋስ ሆኑ። ስማቸውን ስጠራ ደርበው «እሳቸው ካሉማ በቃ!» አለ።
ከመፈራረማችን በፊት ለብቻዬ ወደ በሩ ወሰዱኝ።
«ሰብሌ፣ ልጄ፣ የምትደብቂኝ አለ?»
«ኧረ ምን እደብቅዎታለሁ አያ!»
«እንግዲያው ገብቻለሁ።»
አሻራቸውን አኖሩ። አውራ ጣታቸው ላይ የቀረውን ቀለም በጋቢያቸው ጠረጉ። ጋቢው ነጭ ነበር...

ሐምሌ 14 — ጎንደር
የክረምት ኮርስ ጀምሬያለሁ። ደርበው ደወለ። ግድግዳው «ትንሽ እያበጠ ነው» አለ። ቅዳሜ እመጣለሁ አልኩት።

ሐምሌ 18
አልሄድኩም። ፈተና ነበረኝ። ፈተናውስ ለሰኞ ይዛወርልኝ ብል እምቢ ይሉኝ ነበር? አልጠየቅሁም።

ሐምሌ 21
አያ ራሳቸው ደወሉ፤ በሰው ስልክ፣ ከዳገት ማዶ እንደሚጣራ ሰው እየጮሁ። «አትጨነቂ፣ እኔ አለሁ! ጤናዬ ወለደች፣ ሴት ልጅ። አራስ እርጥብ ግድግዳ ሥር አትተኛም ብዬ ሁሉንም እኔ ቤት አስገብቻቸዋለሁ። ነገ ተነገ ወዲያ ጓሮውን ቦይ እቆፍርለታለሁ።»
ያኔ መናገር ነበረብኝ። ድጋፍ ነበረው፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ አይጠጉት...
«ይበርቱ አያ» አልኩ።
ይበርቱ!

ሐምሌ 23
ወደቀባቸው። ከነዶማቸው።

ሐምሌ 24 — ደባርቅ
ቀበርናቸው። ደርበው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ዝናቡ ያባራ ብላቸው፣ እኔ ልቆፍር ብላቸው... ‹ዋሱ እኔ ነኝ፣ አንተ ሚስትህን ጠይቅ› አሉኝ።»
ጤናዬ ከአራስ ቤት መልእክት ልካልኛለች። «እትዬ ሰብሌ ምን ታድርግ፣ አላወቀች» ብላ።
ሰው ሁሉ እኔን ያጽናናል።

ነሐሴ 2
ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘቢደር ነገርኳቸው። ድጋፉን፣ ምርጊቱን፣ አያ በር ላይ የጠየቁኝን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መሬት መሬቱን ያያሉ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።
«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ቤቱን የገዛሁት እኔ ነኝ?»
ተነስቼ ወደ ደርበው ሄድኩ። ከብቶቹን ውሃ እያጠጣ ነበር። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። አልሰደበኝምም። «ልጄን እዚያ ላስተኛት ነበር» ብቻ አለ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ።

ነሐሴ 10
ሽማግሌ ተቀመጠ። ከመስቀል በፊት ነውና ቤቱን መልሼ ልረከብ፣ ደርበው የከፈለውን ልመልስለት ተባለ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? አንገቴን ደፍቼ ስወጣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ቢራራ፣ ጠሩኝ።
«ዋሱ ቃሉን ጨርሷል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

ኅዳር 19፣ 2002
ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎንደር እየመጣሁ ቤቱን አሳያለሁ። ግድግዳው አሁን ድንጋይ ነው፣ ጠንካራ፣ ውሃውም በቦይ ይወርዳል። ዛሬ አንድ የዳባት ነጋዴ መጣ። ግድግዳውን በቡጢ መታ መታ አደረገ፣ ጓሮውን ዞረ፣ ወደደው። ዋጋም አልተከራከረም።
«ለክረምቱ ማንን ትጠሪልኛለሽ?»
«የሚዋሰኝ ሰው የለም።»
«እንዴ! ዘመድ የለሽም?»
ድጋፎቹን ካነሳሁበት ቀን ጀምሬ ነገርኩት። ምንም አላስቀረሁም። እጁን ከግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ባርኔጣውን አጠለቀ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይል ወጣ።
አራተኛው ነው።